አዳማ ኡራል አቁማችሁ ውጭ ለምትኖሩ፦ የባትሪው ነገር

በየወሩ አንድ ሰው ይደውልልኛል። «መኪናዋን አዳማ አቁሜ መጣሁ፣ ባትሪ ጨረሰችብኝ፣ ምን ላድርግ?» ሁሌ ያው ጥያቄ ነው። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

እኔም ከጨረታ የወጣች የመከላከያ ኡራል፣ ያቺን የሩሲያ የጭነት መኪና፣ ገዝቼ፣ ሥራ እስኪገኝላት አዳማ ፍራንኮ አካባቢ የተከራየሁት ግቢ ውስጥ አቆምኳትና ወደ ዴንቨር ተመለስኩ። በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ የባትሪ ገንዘብ ላክሁ። ኡራል 4320 ደግሞ ባለ 24 ቮልት ናት፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተያይዞ ነው የሚታሰርላት። ስለዚህ በተገዛ ቁጥር ጥንድ ነው። የእህቴ ልጅ ግን በደወልኩ ቁጥር «ጋሼ አታስብ፣ በየእሁዱ አስነሳታለሁ» ይለኛል።

ለጥምቀት ስገባ ቴስተር ይዤ ሄድኩ። አንዱ ባትሪ 12.6 ቮልት አለ፣ ሌላው 11.4። አንድ ቀን ተገዙ የተባሉ ናቸው። ከደከመው ባትሪ ላይ ቀጭን ገመድ ወጥቶ፣ በአጥሩ ሥር ዞሮ፣ ዘበኛው ክፍል ይገባል። መብራት ሲጠፋ አምፖል ያበራበታል፣ ስልክ ይሞላበታል፣ ሬዲዮ ይሰማበታል። ሒሳቡን ሥሩት፦ 5 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 0.4 አምፔር ገደማ ይስባል፣ 12 ሰዓት ሲያድር 5 አምፔር ሰዓት ይሆናል፣ ባለ 190 አምፔር ሰዓቱ ባትሪ በ20 ሌሊት ውስጥ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ሬዲዮውን ሳልቆጥር። ደግሞ ከአንዱ ብቻ ሲወሰድ ሌላውም አይተርፍም፤ ዲናሞው የሚያውቀው የሁለቱን ድምር ስለሆነ ሙሉው ከልክ በላይ እየተሞላ ውሃው ይደርቃል፣ ጎዶሎው ደግሞ ሞልቶ አያውቅም። ጎዶሎ ሆኖ የከረመ ባትሪ ውስጡ ሰልፌት ይጋገርበታል፣ ከዚያ ወዲያ ብትሞሉትም አይዝም።

ዘበኛውን አልተቀየምኩትም። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ የእኔን ንብረት የሚጠብቅ ሰው ነው። የከነከነኝ የእህቴ ልጅ ነው። ያውቅ ነበር! ገመዱ ሲዘረጋ ጫፉን የያዘው እሱ ነው። ለምን አልነገርከኝም ስለው «ጋሼ፣ ይሉኝታ ይዞኝ ነው፣ ትልቅ ሰው እንዴት ተው እለዋለሁ?» አለኝ። እኔ ላይ ሲሆን ይሉኝታው የት ሄደ? የእሁዱም ነገር ተጣራ፤ አራት ደቂቃ ያስነሳና ያጠፋታል። ሞተሪኖው በማስነሳት የበላውን ዲናሞው በአራት ደቂቃ አይመልስም፣ ባያስነሳት ይሻል ነበር። ሁለተኛው ጥንድ ደግሞ አዲስ አልነበረም፣ አሮጌው ተሞልቶና ታጥቦ ነው የተመለሰው። ልጁ መካኒኩ ነው ይላል። መካኒኩ ልጁ ነው ይላል። እናቱ ደግሞ ጥፋተኛ ያደረገችው እኔን ነው፣ «ለትንሽ ገንዘብ ቤተሰብ አታዋርድ» አለችኝ። ለትንሽ ገንዘብ! የማታ ፈረቃ ሠርቼ የላክሁት ነው።

ስለዚህ ስሙኝ። ቁልፍ የያዘው ሰውና ዕቃ የሚገዛው ሰው አንድ አይሁን። ገንዘቡን በቀጥታ ለሱቁ ላኩ። ባትሪው ላይ ያለው ቁጥር በፎቶ ይላክላችሁ፣ በጋለ ሚስማርም ምልክት ይደረግበት። «እንዴት ናት?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ መልሱ ሁሌም «ደህና ናት» ነው። «ስንት ቮልት አነበበ?» በሉ፣ ፎቶም ጠይቁ። አርፎ የቆየ ሙሉ ባትሪ 12.6 ገደማ ያነባል፣ 12.2 ግማሽ ነው፣ ከ12.4 ከወረደ ይሞላ። ዘመድ ከሆነ ደግሞ ደመወዝ ቁረጡለት። በነጻ የሚያገለግላችሁን ሰው መቆጣት አትችሉም፣ እሱም ያውቀዋል።

የቴክኒኩ ነገር አጭር ነው። የድሮዋ ኡራል ኮምፒውተር የላትም፣ ቆማ ባትሪ ከጨረሰች አብዛኛውን ጊዜ ሰው የጨመረባት ነገር አለ፤ ቴፕ፣ አላርም፣ ጂፒኤስ። ነጋቲቩን የሚቆርጥ ማጥፊያ አላት፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ይዘጋ፣ ሞተር እየሠራ ከተዘጋ ግን ዲናሞውን ሊያቃጥል ይችላል። ከባትሪው ራስ ላይ በቀጥታ የተሳበ ገመድን ግን ያ ማጥፊያ አይቆርጠውም፣ የእኔም ጉድ ይኸው ነበር። ለወራት የምትቆም ከሆነ ባትሪዎቹን አስወጥታችሁ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል አስቆልፉባቸው፣ የአዳማ ሙቀት ያለ ሥራም ያደክማቸዋል። በየሁለት ወሩ ይሞሉ። ሲተኩ ሁለቱም አብረው።

ውክልናውን ታውቁታላችሁ፦ ኤምባሲ፣ ውጭ ጉዳይ፣ ውልና ማስረጃ። ለቦሎና ለሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሚያስፈልገውን ብቻ ስጡ፣ «መሸጥ» የሚለው ቃል ግን አይግባ፣ እናታችሁ ብትለምንም።

እኔ አሁን አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ልጅ በየወሩ ከፍዬ አስለካለሁ። ዘመዴ አይደለም። ያለፈው ፎቶ 12.5 እና 12.5 ይላል። ለዘበኛው ሶላር አምፖል ገዛሁለት። የእህቴ ልጅ አሁንም እሁድ እሁድ ይደውላል፣ ስለ መኪናዋ ግን አናነሳም።