ከድሬዳዋ ወደ ጃፓን ለሥራ የሚጓዝ ፎቶ አንሺ እንዴት ይዘጋጅ?

ከዚራ ውስጥ ፎቶ ቤት ከፍቶ በሠርግና በምርቃት ሥራ የሚተዳደር ባለሙያ ወደ ጃፓን ለመሄድ ሲያስብ በቅድሚያ መወሰን ያለበት ወቅቱን ነው። እኔ የምመክረው ዐቢይ ጾምን ነው። በጾሙ ወራት የቤተ ክርስቲያን ሠርግ ስለማይኖር ደንበኛ ሳያስቀይሙ ሦስትና አራት ሳምንት መራቅ ይቻላል፤ የቶኪዮና የኪዮቶ የቼሪ አበባም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈነዳው ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው። አበባው ሙሉ ለሙሉ ከተከፈተ በኋላ የሚቆየው አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ስለሆነ በሁለት ቀን ልዩነት ሊያመልጥዎ ይችላል። ቶኪዮ ላይ ያመለጠው ሰው ግን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሆካይዶ ቢወጣ በሚያዝያ ማገባደጃ ያገኘዋል። ከሠርጉ ወራት የሚተርፍ ጊዜ ያለው ደግሞ በኅዳር ሁለተኛ አጋማሽ ከመርገፉ በፊት የሚቀላውን የኪዮቶን የዛፍ ቅጠል ማንሳት ይችላል። ሰኔን ያስወግዱ፤ ወሩ የዝናባቸው ወቅት ነው።

ቪዛውን በተመለከተ አንድ ነገር በግልጽ ይታወቅ። አዲስ አበባ በሚገኘው የጃፓን ኤምባሲ በኩል የሚሰጠው የአጭር ጊዜ ቪዛ ጃፓን ውስጥ ተከፍሎ መሥራትን አይፈቅድም። ክፍያው ከጃፓን ድርጅት የሚመጣ ከሆነ የሚጋብዝዎት አካል ከአገሩ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የብቁነት ማረጋገጫ ወረቀት አስቀድሞ ማውጣት አለበት። ይህ ወራት ሊወስድ ስለሚችል የአውሮፕላን ትኬት ከወረቀቱ በፊት አይቁረጡ።

ስለ ኤሌክትሪክ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። በጃፓን የቤት ኤሌክትሪክ 100 ቮልት ነው፤ ፊሻውም ሁለት ጠፍጣፋ እግር ያለው ነው። የካሜራ ባትሪ መሙያዎች ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ከአንድ መለወጫ ፊሻና ከቤትዎ ዲቫይደር በቀር ምንም አያስፈልጋቸውም። ለ220 ቮልት ብቻ የተሠራውን የስቱዲዮ ፍላሽ ግን ድሬዳዋ ይተዉት። ከቮልቱ ይልቅ ሥራ የሚያበላሸው ድግግሞሹ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት በኸርዝ የሚለካው ቁጥር ነው፤ የአዳራሽ መብራት ከእርሱ ጋር ስለሚርገበገብ የሸተር ፍጥነቱ ከእርሱ ጋር መስማማት አለበት። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቶኪዮ የጀርመን፣ ኦሳካ ደግሞ የአሜሪካ ጄኔሬተር በመግዛታቸው፣ እስከ ዛሬ ድረስ የአገሪቱ ምሥራቅ በ50 ኸርዝ፣ ምዕራቡ በ60 ኸርዝ ይሠራል፤ ወሰኑም በሺዙኦካ አካባቢ በሚወርደው በፉጂ ወንዝ ገደማ ነው። እኛም 50 ኸርዝ ስለምንጠቀም ቶኪዮ ውስጥ በለመድነው 1/50 ወይም 1/100 የሸተር ፍጥነት ማንሳት እንችላለን። ኦሳካና ኪዮቶ ሲደርሱ ግን 1/60 ወይም 1/125 ያድርጉት። እኔ ይህን ባለማወቄ ኦሳካ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ውስጥ በ1/100 ያነሳኋቸው ፎቶዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ብርሃናቸውና ቀለማቸው እየተለዋወጠ፣ ሁለት ሌሊት ሙሉ አንድ በአንድ ሳስተካክል አድሬያለሁ።

የሰዓቱ ነገር ደስ ያሰኘኛል። ጃፓን ከእኛ 6 ሰዓት ስለምትቀድምና እኛም ሰዓታችንን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ፣ በሐበሻ አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ላይ ምንም ሳይነካ ትክክለኛውን ሰዓት ያሳያል፤ ድሬዳዋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ነው። አደጋው የሚመጣው ቀጠሮ ላይ ነው። ጃፓናዊ ደንበኛ ጠዋት 10 ሰዓት ሲል እኛ ረፋድ 4 ሰዓት የምንለውን ማለቱ ስለሆነ፣ ቀጠሮን ሁልጊዜ በ24 ሰዓት አቆጣጠር በጽሑፍ ይቀበሉ። ፀሐይም እንደ ድሬዳዋ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ሰዓት አትወጣም፤ ቶኪዮ በታኅሣሥ ገና በ16:30 ገደማ ትጠልቃለች፣ በሰኔ ደግሞ ከ4:30 በፊት ትወጣለች።

ፈቃድ ከሁሉ የሚልቅ ጉዳይ ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ላይ ልብስ የሚሰፋ ሰው ለማንሳት ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ስለ ቤተሰብ ይጠይቃሉ፣ ምናልባት ሻይ ይጠጣሉ፤ ፈቃዱ በንግግሩ መሐል ይገኛል። በጃፓን ግን ንግግሩ የሚጀመረው ከጉዞው ሳምንታት አስቀድሞ በደብዳቤ ነው። በደብዳቤው የሚያነሱበትን ቀንና ሰዓት፣ አብረውዎት የሚሆኑትን ሰዎች ቁጥር፣ ትራይፖድ መኖር አለመኖሩን፣ ፎቶው የት እንደሚወጣና ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግል በትክክል ይጻፉ። ብዙ ቤተ መቅደሶችና የባቡር ጣቢያዎች ትራይፖድ ይከለክላሉ፤ ለንግድ የሚሆን ፎቶ ደግሞ ለብቻው ፈቃድና አንዳንዴም ክፍያ ይጠይቃል። የተፈቀደልዎትን ሰዓት በአምስት ደቂቃ እንኳ አያሳልፉ። ሲገናኙም የስም ካርድዎን በሁለት እጅ ይስጡ፣ የእነርሱንም በሁለት እጅ ተቀብለው ሳያነቡ ኪስዎ አይክተቱ። ለታላቅ ሰው ዕቃ በሁለት እጅ ማቀበልን ከልጅነቱ የተማረ ሰው ይህ አይከብደውም።

መንገድ ላይ ያለ ሰውም የገጹ ባለቤት ነው። የአገሪቱ ፍርድ ቤቶች ሰው ያለ ፈቃዱ ፎቶ እንዳይነሳ ያለውን መብት ያውቃሉ፤ እዚያ የሚሸጡ ስልኮችም ፎቶ ሲያነሱ የሚያሰሙት ድምፅ እንዳይጠፋ ተደርገው ነው የሚሠሩት። በኪዮቶ የጊዮን ሠፈር የግል መተላለፊያዎች ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2019 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ማንሳት የተከለከለ ሲሆን፣ 10,000 የን እንደሚያስከፍል የሚገልጽ ማስታወቂያ ተሰቅሏል። ስለዚህ ካሜራውን ከማንሳትዎ በፊት ዓይን ለዓይን ይተያዩና ራስዎን ዝቅ አድርገው ይጠይቁ፤ እምቢ ካለ አመስግነው ይለፉ። ሰው የማይበዛበት ቦታ የሚፈልጉ ከሆነ፣ ሌሊትም የማይዘጋውና የመግቢያ ክፍያ የሌለው በኪዮቶ የሚገኘው የፉሺሚ ኢናሪ ቤተ መቅደስ ከንጋት በፊት ለሚደርስ ሰው ይመቻል።

ከቶኪዮ ወደ ኪዮቶ በሺንካንሰን፣ በፈጣኑ ባቡር፣ ሲሄዱ በመደበኛው ክፍል የኢ (E) መቀመጫን ይያዙ፤ የፉጂ ተራራ በቀኝ በኩል ከተነሡ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይታያል። የሻንጣዎ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ ከ160 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ቦታ አስቀድሞ ማስያዝ ግዴታ ነው። ልብስና ትራይፖድን በዕቃ አድራሾች በኩል ወደሚቀጥለው ሆቴል መላክ ይሻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ይደርሳል። ካሜራ፣ ሜሞሪ ካርድና ሃርድ ዲስክ ግን ከትከሻዎ አይለዩ፤ ትርፍ ባትሪዎችንም በአውሮፕላን ሲጓዙ በእጅ ሻንጣ ይያዙ።

አንድ ቀን ካተረፉ ከቶኪዮ መሐል በስተ ምዕራብ ወዳለችው የቾፉ ከተማ ይሂዱ። አበበ ቢቂላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲያሸንፍ ሯጮቹ ዞረው የተመለሱት በዚያው ቶቢታኪዩ በሚባል ቦታ ነው። የአገር ቤት አንባቢ ይህን ፎቶ ከቼሪ አበባው ይልቅ በጉጉት እንደሚያየው አምናለሁ።

ያገለገለ ሌንስ ለመግዛት በቶኪዮዎቹ ሺንጁኩና ናካኖ ሠፈሮች ያሉ ሱቆች ጥሩ ናቸው፤ የዕቃው ጉድለት ዋጋው አጠገብ ይጻፋል። ሶኒ ለጃፓን ገበያ የሚያቀርባቸው ካሜራዎች ብዙዎቹ በጃፓንኛ ብቻ ስለሚሠሩ ከመክፈልዎ በፊት የቋንቋ ምርጫውን ከፍተው ይመልከቱ። ከአገር ሲወጡ የያዙትን እያንዳንዱን ካሜራና ሌንስ ከመለያ ቁጥሩ ጋር ጉምሩክ ላይ ያስመዝግቡ፤ ያንን ወረቀትና የአዲሱን ዕቃ ደረሰኝ በአንድ ፖስታ አድርገው ቦሌ እስኪያልፉ ድረስ በእጅዎ ይያዙ።