ከድሬ ተነስቶ ጅቡቲን እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

አቦ፣ ድሬ አድገህ ጅቡቲን የምታውቃት ከዚያ በሚመጣ ጨርቅና ሽቶ ብቻ ከሆነ ይሄ ላንተ ነው። (እኛ ጋ አንቱ ብሎ ነገር የለም፤ ጋሼም ብትሆን አንተ ነው የምልህ።)

የጉዞው መጀመሪያ እዚሁ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከዚራ ሰፈር ሂድና የድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቁም። ቀጥ ያሉትን መንገዶች፣ ዛፎቹን፣ የቤቶቹን በረንዳ ልብ ብለህ እይ። ፈረንሳዮቹ ሐዲዱን ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመሩት በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። በ1902 ድሬ ደረሰ፣ ከተማችንም የበቀለችው ከሱ ጋር ነው። ይሄን አይተህ ከሄድክ ጅቡቲ ዘመድ ቤት የገባህ ያህል ነው የሚመስልህ።

ከዚያ ወቅት ምረጥ። ከኅዳር እስከ የካቲት ነው ጥሩው። የድሬን ሙቀት ለምጃለሁ ብለህ በሐምሌ እንዳትሄድ! ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ላዩ ላይ ደግሞ አሸዋ የሚረጭ ንፋስ አለ።

ፓስፖርትና ቪዛህን ቲኬት ሳትቆርጥ ጨርስ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ ባጃጅ ቀድመህ ያዝ። የሰው ባቡር በየቀኑ ስለማይሄድ የመመለሻውንም ቀን አብረህ ጠይቅ። ድንበሩ ደወሌ ጋ ነውና ፓስፖርትህን ሻንጣ ስር አትቅበረው። መውረጃህ ናጋድ ይባላል፤ እሱም ከከተማ ራቅ ይላል፣ ታክሲ ትይዛለህ። ዋጋ ሳትነጋገር እንዳትገባ። ገንዘባቸው ፍራንክ ነው፣ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ገደማ ነው።

ከተማውን በእግር ነው የምታየው፣ ግን ሰዓት አለው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ካሜራ አንግቼ ወጣሁ። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፣ መንገድ ላይ ከእኔና ከአንዲት ፍየል በቀር ማንም የለም፣ በእጄ የያዝኩት ውሃ ሻይ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ለካ በዚያ ሰዓት ሰው ከኛው አገር የሄደውን ጫት ይዞ ጥላ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ወይ በጠዋት፣ ወይ ከ10 ሰዓት በኋላ ውጣ።

የምትጀምረው ከምኒልክ አደባባይ ነው። አዎ፣ የኛው ምኒልክ። ዛሬ መጠሪያው ጅቡቲ ነፃ የወጣችበት ቀን፣ ጁን 27፣ 1977 እ.ኤ.አ. ነው። ዙሪያውን ነጭ ቀለም የተቀቡ፣ ከሥራቸው ቅስት ያላቸው ቤቶች አሉ። ቅስቶቹ ሥር ቁጭ ብለህ ቡና ጠጣ፣ አትቸኩል፤ ከዚያ በ1906 ወደተሠራው ሐሙዲ መስጊድና አጠገቡ ወዳለው ገበያ ውረድ። ፈረንሳይኛ ባትችልም አትጨነቅ፣ ሶማልኛ ከቻልክ ንጉሥ ነህ፣ አማርኛ የሚሰማም አታጣም።

ለባህሩ ሌላ ሙሉ ቀን ስጠው። ከተማው ዳር ያለው ውሃ ሲሸሽ ጭቃ ይተዋል፣ ለዋና አይሆንም። ከዶራሌ አለፍ ብሎ ሖር አምባዶ የሚባል የባህር ዳርቻ ሂድ። ታክሲውን ደርሶ መልስ ተነጋገር፣ አለዚያ እዚያው ታድራለህ። ጥላ እንደልብ ስለማይገኝ ነጠላም ቢሆን ያዝ። ዋና የማትችል ከሆነ እስከ ጉልበትህ ድረስ ይበቃሃል። ገንዘብ ካለህ ደግሞ በጀልባ ሙሻ ደሴት መሻገር ነው።

ማታ የየመን አሳ የሚሸጥበት ቤት ፈልግ። አሳው ከጀርባው ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ የጉድጓድ ምድጃ ግድግዳ ላይ ይጠበሳል፤ ዳሩ ጠቆር፣ መሃሉ ርጥብ ብሎ ከሳህኑ ተርፎ ይመጣል። ቂጣውም ከዚያው ምድጃ እንደወጣ ነው። ሹካ እንዳትጠይቅ፣ እጅህን ታጠብና ጀምር፣ እሾሁን ብቻ ተጠንቀቅ።