ስንት አሳለፈ? ከስንቱ?

ልጃቸው ስምንተኛን የጨረሰላቸው ጎረቤቶቼ ክረምት በገባ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነው፦ ከሰፈራችን የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የትኛው ይሻላል? በሱፐርቫይዘርነት ስሠራ ሮስተር ሳገላብጥ ኖሬያለሁና፣ እንዴት እንደምመዝናቸው ልንገራችሁ።

ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና «20 በመቶ አሳለፍን» ሲሏችሁ «ከስንቱ?» በሉ። ሁለት ትምህርት ቤቶች ዘጠነኛ ክፍል ላይ እኩል 400 ልጅ ተቀበሉ እንበል። አንደኛው ከአራት ዓመት በኋላ 150 አስፈትኖ 30 አሳለፈ፤ 20 በመቶ መሆኑ ነው። ሌላው 320 አስፈትኖ 48 አሳለፈ፤ 15 በመቶ። በር ላይ ባነር የሚሰቅለው የፊተኛው ነው። እኔ ግን ልጄን የማስመዘግበው ሁለተኛው ዘንድ ነው፤ ከተቀበላቸው 12 በመቶውን ለውጤት አብቅቷል፣ ያኛው 7.5 ብቻ። የቀሩት 250 ልጆችስ የት ደረሱ? ተዛወሩ፣ ደገሙ ወይስ አቋረጡ? ተማሪዎቹን የሚከታተል ርዕሰ መምህር ይህን ዘርዝሮ ይነግራችኋል።

ስለዚህ የአራት ዓመት ምዝገባ በክፍልና በጾታ ተለይቶ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ የመስከረሙም የሰኔውም። ትምህርት ቤቱ ካንገራገረ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ በኩል ሂዱ፤ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ጎራ በሉ። የሴቶቹን ቁጥር ለብቻው ተመልከቱ። ከዘጠነኛ ወደ አሥራ አንደኛ ሲያልፉ ሴቶቹ ከወንዶቹ በፈጠነ መጠን ከሳሱ፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ ውኃውንና የመንገዱን ደኅንነት ሳታዩ አትመለሱ።

ውጤት ስታነጻጽሩ ያንኑ ዓመት ከዚያው ዓመት ጋር ይሁን። ፈተናው በ2014 በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ስለጀመረ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ቁጥር ከአሁኑ ጋር አይወዳደርም። በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ነበሩ። በ2016 አሥር በመቶ ያሳለፈ የሰፈር ትምህርት ቤት እንግዲህ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። «ይህን ያህል ልጅ ዩኒቨርሲቲ አስገባን» የሚለውንም አጣሩ፤ 50 በመቶ ሳያመጡ በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት) የገቡት አብረው ተቆጥረው ይሆናል። ተማሪ በፈተና መርጦ የሚቀበል ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ከሰፈራችሁ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም።

የኢንስፔክሽን ደረጃ ከነገሯችሁ የተሰጠበትን ዓመት ጠይቁ፤ ደረጃ 3 ማለት ከመቶ 70ና ከዚያ በላይ፣ ግን ከ90 በታች ማግኘት ነው። የክፍል ጥበቱን ግን በዓይናችሁ እዩት። የሁለተኛ ደረጃ መለኪያው በክፍል 40 ተማሪ ነው፤ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ የሁለቱንም ፈረቃ ክፍሎች ለየብቻ ቁጠሩ። ከተቻላችሁ ፈተና ሲቃረብ፣ ግንቦት ላይ ሂዱና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ እንደተቀመጠ ከመስከረሙ ምዝገባ ጋር አስተያዩ።