የእንስሳት ሕክምና ዲግሪን በውጭ አገር ለመማር ገንዘብ የማግኛ መንገዶች

በውጭ አገር ተምሮ የእንስሳት ሐኪም ለመሆን የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሙሉ ስኮላርሺፕ የት ይገኛል?» ብሎ ነው። ከዚህ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ ግን አለ፤ እርሱም «ክፍያው ከመነሻው ዝቅተኛ የሆነው የት ነው?» የሚለው ነው። የእንስሳት ሕክምና አምስትና ስድስት ዓመት የሚፈጅ፣ የማስተማሪያ ሆስፒታል፣ ላቦራቶሪና የእርባታ ሥፍራ የሚፈልግ ትምህርት በመሆኑ ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ወጪ ከፍተኛ ነው። ስለዚህም የዚህን ዲግሪ ሙሉ ወጪ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚሸፍን ለጋሽ እጅግ ጥቂት ነው። ስማቸው በስፋት የሚታወቀው ስኮላርሺፖችም ለዚህ ዓላማ የተዘጋጁ አይደሉም፤ ለምሳሌ የብሪታኒያ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቺቭኒንግ የአንድ ዓመት የማስተርስ ትምህርትን፣ የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንደስም ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚሰጧቸውን የማስተርስ ፕሮግራሞች ነው የሚደግፉት። ይህን ሳያውቁ ለማይመለከታቸው ዕድል ሲጽፉ ወራት የሚያባክኑ አመልካቾች ብዙ ስለሆኑ፣ ይህ ጽሑፍ ስኮላርሺፕ ከማሰስ በፊት ወጪን በመቀነስ ይጀምራል።

የሙሉውን ዘመን በጀት ማዘጋጀት

የመጀመሪያው ሥራ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ትምህርቱ ከሚጀመርበት ዕለት እስከ ምረቃ ድረስ ያለውን ወጪ ዓመት በዓመት መጻፍ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚያሰላው የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ ገንዘብ አልቆበት ትምህርቱን የሚያቋርጥ ተማሪ የሚያጋጥመውም በዚሁ ምክንያት ነው። የትምህርት ክፍያው በየዓመቱ ይጨምር እንደሆነ፣ ወይም ለገባበት ተማሪ እስከ ምረቃ ድረስ ሳይለወጥ የሚቆይ እንደሆነ ዩኒቨርሲቲውን በጽሑፍ ይጠይቁ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ በዓመት 30,000 ፓውንድ የሚያስከፍል የአምስት ዓመት ትምህርት ዋጋው ካልተለወጠ በድምሩ 150,000 ፓውንድ ሲሆን፣ በየዓመቱ 5 በመቶ ከጨመረ ግን ወደ 165,769 ፓውንድ ይደርሳል።

ከትምህርት ክፍያው ቀጥሎ የመኖሪያ ቤት፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ የጤና መድኅን፣ የቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ ክፍያ ይመዘገባሉ። እነዚህ በማንኛውም ትምህርት ያሉ ወጪዎች ናቸው። የእንስሳት ሕክምና ተማሪን ለብቻው የሚመለከቱት ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ፦ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት፣ የቱታ፣ የቦት ጫማና የስቴቶስኮፕ ግዢ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከግቢ ውጭ የሚደረገው የተግባር ልምምድ። በዩናይትድ ኪንግደም ለረጅም ጊዜ የቆየው ደንብ ተማሪው 12 ሳምንት በእንስሳት አያያዝ፣ 26 ሳምንት ደግሞ በክሊኒክ ልምምድ እንዲያሳልፍ የሚጠይቅ ነበር፤ ልምምዱ የሚወድቀውም በዕረፍት ወራት ነው። ልምምዱ በአብዛኛው ደመወዝ የለውም፤ መጓጓዣውና ማደሪያው ግን ከተማሪው ኪስ ይወጣል። በዚህም ላይ ሌሎች ተማሪዎች ሠርተው ገንዘብ የሚያጠራቅሙበትን ክረምት ይወስዳል። ስለዚህ «በዕረፍት ሠርቼ እሞላዋለሁ» ብሎ የተጻፈ በጀት ለዚህ ትምህርት የሚሆን አይደለም።

የቤተሰቡ ገቢ በአንድ ገንዘብ፣ ክፍያው ደግሞ በሌላ ገንዘብ ከሆነም የምንዛሪ ለውጥ በስድስት ዓመት ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆን መጠባበቂያ በጀቱ ውስጥ ካልተያዘ ሠንጠረዡ ሙሉ አይደለም።

ክፍያው ዝቅተኛ የሆነባቸው አገሮች፣ ዋጋቸውም ቋንቋ መሆኑ

እንደ እኔ እምነት ገንዘብ ለሌለው ተማሪ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይህ ነው፤ ከሁሉ ያነሰ ሰው የሚሞክረውም ይህንኑ ነው። በርካታ የአውሮፓ አገሮች በራሳቸው ቋንቋ ለሚማር የውጭ ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፣ ወይም እጅግ ዝቅተኛ ክፍያ ይጠይቃሉ። በኦስትሪያ፣ በቪየና በሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር የሚከፍለው 726.72 ዩሮ ነው። ትምህርቱ 12 ሴሚስተር ስለሆነ ክፍያው ባይለወጥ ድምሩ 8,720.64 ዩሮ ይሆናል፤ ይህ በብዙ የብሪታኒያ ትምህርት ቤቶች የአንድ ዓመት ክፍያ ሲሶ እንኳ አይሞላም። በቼክ ሪፐብሊክ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች፣ የብርኖው የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ጭምር፣ በቼክ ቋንቋ የሚማር ማንኛውም ዜጋ ክፍያ አይጠየቅም፤ በእንግሊዝኛ የሚማር ግን ይከፍላል። በፊንላንድም የትምህርት ክፍያ የሚመለከተው በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ፕሮግራሞችን ነው፤ በሄልሲንኪ የሚሰጠው የእንስሳት ሕክምና ደግሞ በፊንላንድ ቋንቋ ነው።

ጀርመን አምስት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች አሏት፤ እነርሱም በበርሊን፣ በሙኒክ፣ በላይፕሲግ፣ በጊሰንና በሃኖቨር ይገኛሉ። በአብዛኞቹ የአገሪቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚጠየቀው የሴሚስተር መዋጮ ብቻ ነው። ከባዱ ነገር መግባቱ ነው፤ ቦታው በውጤት የሚታደል፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ የተያዘው ድርሻ ጠባብ፣ የሚፈለገውም የቋንቋ ደረጃ ከፍተኛ ነው። ቋንቋውን ለዚህ ደረጃ ለማድረስ አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት መመደብ ምክንያታዊ ነው፤ የኮርሱና የፈተናው ወጪም በበጀቱ ውስጥ ይግባ። ሁለት ዓመት ረጅም ቢመስልም ዕዳ ለመክፈል ከሚወስደው ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ግን አጭር ነው።

ጣሊያን ደግሞ የተለየ አሠራር አላት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ክፍያ በቤተሰብ ገቢ መጠን የሚወሰን ሲሆን፣ ክልሎቹ የሚሰጡት የትምህርት ድጋፍ ለውጭ ተማሪዎችም ክፍት ነው። የቤተሰብ ገቢና ንብረት ማስረጃ ተተርጉሞና ተረጋግጦ መቅረብ ስላለበት ሰነዱን ቀደም ብሎ ማዘጋጀት ግድ ነው።

የመንግሥት ስኮላርሺፖች

ለመጀመሪያ ዲግሪ በመንግሥት ደረጃ ከሚሰጡት መካከል ሁለቱን በቅድሚያ መመልከት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም የትምህርት ክፍያን ይሸፍናል፤ ወርኃዊ የኪስ ገንዘብ፣ የማደሪያ ቦታ ወይም የቤት ኪራይ ድጎማና የጤና መድኅንም ይሰጣል። በቡዳፔስት የሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ በሃንጋሪኛ፣ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ያስተምራል። ሆኖም የስኮላርሺፑ ዕድል የሚወሰነው የአመልካቹ አገር ከሃንጋሪ ጋር ባደረገችው ስምምነት ነው። ስምምነቱ ረጅሙን፣ ባችለርና ማስተርስን ያጣመረውን ትምህርት ካልፈቀደ የእንስሳት ሕክምና አይገኝበትም፤ ስለዚህ ማመልከቻ ከመጻፍዎ በፊት የአገርዎን ዝርዝር ያረጋግጡ። የማደሪያ ድጎማውም ሆነ የኪስ ገንዘቡ በቡዳፔስት ለመኖር ብቻውን የሚበቃ አይደለም፤ ከቤተሰብ ወይም ከቁጠባ የሚጨመር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው። የትምህርት ክፍያን፣ ማደሪያን፣ የጤና መድኅንን፣ ወርኃዊ ገንዘብን፣ የአንድ ጊዜ ደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬትን፣ እንዲሁም የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርትን ያካትታል። ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚያመለክት ሰው ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች መሆን አለበት። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ስለሚከፈት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከዚያ በፊት ትራንስክሪፕታቸውን አስተርጉመው መጠበቅ አለባቸው። ለሁለቱም ስኮላርሺፖች ማመልከት በነፃ ነው፤ «ቦታ አስይዝልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ማንንም አያስገባም።

በማመልከቻው ደብዳቤ ላይ ለእንስሳት ያለን ፍቅር መግለጽ ብቻ አይበቃም፤ ሁሉም አመልካች ይህንኑ ይጽፋል። ገምጋሚው ማወቅ የሚፈልገው አመልካቹ በከብት እርባታ፣ በዶሮ እርባታ፣ በክሊኒክ ወይም በቄራ ምን ያህል ጊዜ አሳልፎ ምን እንዳየ፣ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ፣ ተሕዋስያን መድኃኒትን መላመዳቸው ወይም የምግብ ደኅንነት ከሚኖርበት ማኅበረሰብ ችግር ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ነው። ለሠሩበት ሰዓት ሁሉ ፊርማና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያሰባስቡ።

ውድ የሆኑት ትምህርት ቤቶችና ብድር

በአሜሪካ፣ በብሪታኒያ፣ በአውስትራሊያና በካናዳ ያሉት ትምህርት ቤቶች ዕውቅናቸው ሰፊ ነው። ሆኖም ለውጭ ተማሪ የሚሰጡት ድጋፍ በአብዛኛው ከጥቂት ሺህ የማይበልጥ የክፍያ ቅናሽ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የተማሪ ብድር ለዜጎችና ሕጉ ለሚፈቅድላቸው ነዋሪዎች ብቻ የተወሰነ ነው። ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪዎች የሚሰጠው ዝቅተኛ ክፍያም የተማሪ ቪዛ ለያዘ ሰው በአብዛኛው አይፈቀድም። የግል አበዳሪዎች በበኩላቸው ብዙውን ጊዜ በዚያው አገር የሚኖርና የብድር ታሪክ ያለው ዋስ ይጠይቃሉ። ያለ ዋስ የሚያበድሩ ድርጅቶችም አሉ፤ ነገር ግን ወለዳቸው ከፍ ያለ ነው፣ የብድር ጣሪያቸውም ሙሉውን የትምህርት ዘመን ላይሸፍን ይችላል።

ብድር ከመፈረም በፊት ወለዱ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ዓመት 40,000 ዶላር በ10 በመቶ ወለድ የተበደረ ተማሪ፣ ያልተከፈለው ወለድ በየዓመቱ በዋናው ላይ የሚደመር ከሆነ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ያለበት ዕዳ 58,564 ዶላር ነው፤ ይህም የአንዱ ዓመት ብድር ብቻ ነው። ተመራቂው የሚሠራው ደመወዙ አነስተኛ በሆነበት አገር ከሆነ እንዲህ ያለውን ዕዳ መክፈል አይችልም። ብድሩ የተሰላው በውጭ አገር በሚገኝ ደመወዝ ከሆነ ደግሞ ከምረቃ በኋላ በዚያ የመሥራት ፈቃድ በሕግ የተረጋገጠ መሆን አለበት። በተስፋ ብቻ እንዲህ ያለ ብድር ውስጥ መግባትን አልመክርም።

የቪዛ ማስረጃ

ስኮላርሺፕ ያላገኘ ተማሪ ለኑሮው የሚበቃ ገንዘብ እንዳለው ለኤምባሲው ማሳየት አለበት። ጀርመን በዓመት 11,904 ዩሮ በታገደ ሂሳብ እንዲቀመጥ ትጠይቃለች፤ ተማሪው በወር ማውጣት የሚችለው 992 ዩሮ ነው። ብሪታኒያ ከትምህርት ክፍያው በተጨማሪ የዘጠኝ ወር የኑሮ ወጪ ለ28 ተከታታይ ቀናት በሂሳብ ውስጥ መቆየቱን ትመለከታለች፤ ለእያንዳንዱ የቪዛ ዓመት የሚከፈለው 776 ፓውንድ የጤና አገልግሎት ክፍያም በአንድ ጊዜ ነው የሚጠየቀው። አሜሪካ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ማስረጃ ሳይቀርብ ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገው አይ-20 የተባለው የዩኒቨርሲቲ ቅጽ እንዲሰጥ አትፈቅድም። እነዚህ መጠኖች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ በማመልከቻው ሳምንት ከኤምባሲው ገጽ ላይ መመልከት ያስፈልጋል። ለማሳየት ብቻ በብድር የገባ ገንዘብ ምንጩ ሲጠየቅ መልስ ያጣል፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከወራት በፊት ቀስ በቀስ በሂሳቡ ቢጠራቀም ይመረጣል።

ሌላው መንገድ፦ የመጀመሪያውን ዲግሪ በአገር፣ ቀጣዩን በውጭ

ይህ መንገድ እንደ ሽንፈት ሊታይ አይገባውም። በአገሩ በአነስተኛ ወጪ የእንስሳት ሕክምና ዲግሪ የያዘ ሰው ከዚያ በኋላ የሚከፈቱለት የገንዘብ ምንጮች ለመጀመሪያ ዲግሪ ካሉት እጅግ ይበልጣሉ። የኢራስመስ ሙንደስ ስኮላርሺፕ ለተመረጠ ተማሪ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ ከፕሮግራሞቹም ውስጥ በተላላፊ በሽታዎችና «አንድ ጤና» በተባለው፣ የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና አንድ ላይ በሚያይ ዘርፍ ላይ ያተኮረ አለ። ለኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች የሚሰጠው የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕና ዳአድ የተባለው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅትም ለማስተርስና ለዶክትሬት ድጋፍ ያደርጋሉ። በዴንማርክ፣ በስዊድንና በኔዘርላንድስ የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው ደመወዝተኛ ሠራተኛ ሆኖ ይቀጠራል። የሚቀረው ፈተና በሌላ አገር የማከም ፈቃድ ማግኘት ነው፤ በአሜሪካ ለምሳሌ ዕውቅና ከሌለው ትምህርት ቤት የተመረቀ ሐኪም ኢሲኤፍቪጂ ወይም ፔቭ በተባሉት የምዘና ፕሮግራሞች ውስጥ ማለፍ አለበት። ወጪው ቀላል ባይሆንም እዚያው ለመማር ከሚጠየቀው የአራት ዓመት ክፍያ ጋር አይወዳደርም።

ገንዘብ ከመላክ በፊት

ቦታ ማስያዣው ከመከፈሉ በፊት ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ይረጋገጡ። አንደኛው ዲግሪው ሊሠሩበት ባሰቡት አገር ዕውቅና ያለው መሆኑ ነው፤ ይህን የሚመልሰው ትምህርት ቤቱ ሳይሆን የዚያ አገር የሙያ ፈቃድ ሰጪ አካል ነው። ሁለተኛው ቪዛ ቢከለከል የተከፈለው ገንዘብ እንደሚመለስ፣ ምን ያህሉ ተቀንሶ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚመለስ የሚገልጸው ደንብ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ስኮላርሺፕ ወይም አሠሪ የሚከፍል ከሆነ ያለው የግዴታ ውል ነው፤ ስንት ዓመት ማገልገል እንደሚጠይቅ፣ ተማሪው አንድ ዓመት ቢደግም ድጋፉ ይቀጥል እንደሆነና ትምህርቱ ቢቋረጥ ማን ምን እንደሚከፍል ያሳያል። በእንስሳት ሕክምና ዓመት መድገም ያልተለመደ አይደለም፤ ብዙ ስኮላርሺፖች ደግሞ የተደገመውን ዓመት አይሸፍኑም። ስለዚህ በሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ አንድ ተጨማሪ ዓመት ይጨምሩ። ክፍያውንም በወኪል ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው ስም በተከፈተው ሂሳብ በቀጥታ ያስገቡ፤ ደረሰኙንም ለቪዛ ማመልከቻው ያስቀምጡ።