በብድር ገንዘብ የሞመንተም አክሲዮኖችን መግዛት፦ የዕዳውን ልክ እንዴት እንደምንወስን

ባለፉት ወራት ዋጋቸው ከሌሎች አብልጦ የጨመረ አክሲዮኖች ለተወሰነ ጊዜ በዚያው አቅጣጫ የመቀጠል ዝንባሌ አላቸው። ጄጋዲሽና ቲትማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት ይህ ዝንባሌ በአሜሪካ ገበያ ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ እንደሚታይ አሳይተዋል፤ በዚህ ላይ የተመሠረተው ስልት ሞመንተም ይባላል። ብድር ሲጨመርበት ትርፉም ኪሳራውም ያድጋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ ገበያው ምን ያህል ቢወርድ ነው ደላላው አክሲዮኔን የሚሸጥብኝ የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ያለ ብድር የሚሠራ ዝርዝር ያዘጋጁ። ለምሳሌ በኤስ ኤንድ ፒ 500 (የ500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ የሚለካ አመልካች) ውስጥ ያሉትን ኩባንያዎች ወስደው የእያንዳንዱን የአክሲዮን ዋጋ ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረበት እስከ ባለፈው ወር ከደረሰበት ያነጻጽሩ፤ 80 ዶላር የነበረው 112 ከደረሰ ውጤቱ 40 በመቶ ነው። የመጨረሻው ወር ሆን ተብሎ ይዘለላል፤ በአጭር ጊዜ በኃይል የወጣ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ጥቂት መልሶ ይወርዳልና። ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን 20 ወይም 30 አክሲዮኖች በእኩል ገንዘብ ይግዙና ዝርዝሩን በየወሩ ያድሱ። ቢያንስ አንድ ዓመት በራስዎ ገንዘብ ብቻ ሳይሠሩበት ወደ ብድር እንዳይሄዱ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ስልቱ ለወራት ከገበያው ወደኋላ ሲቀር የራስን ትዕግሥት መመዘን የሚቻለው ያኔ ነው።

ቀጥሎ የማርጂን ሒሳብ፣ ማለትም ደላላው አክሲዮን መግዣ ገንዘብ የሚያበድርበትን ሒሳብ፣ ይክፈቱ፤ በአሜሪካ ቢያንስ 2,000 ዶላር ያስፈልገዋል። በፌዴራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) ደንብ መሠረት ደላላው ከግዢው ዋጋ እስከ ግማሹን ሊያበድር ይችላል። ከዚያ በኋላ የራስዎ ድርሻ ከአክሲዮኖቹ ዋጋ ከ25 በመቶ በታች መውረድ የለበትም። ብዙ ደላሎች ግን 30 ወይም 40 በመቶ፣ በጣም ለሚዋዥቁ አክሲዮኖች ደግሞ ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ፤ በሞመንተም ዝርዝር ውስጥ የሚበዙትም እንዲህ ያሉት ናቸው። ድርሻዎ ከተባለው ልክ ሲወርድ ማርጂን ኮል፣ ማለትም ተጨማሪ ገንዘብ ያስገቡ የሚል ጥያቄ፣ ይመጣል፤ ደላላው ገንዘብ እስኪያስገቡ ሳይጠብቅ፣ ሳያሳውቅዎትም ጭምር፣ አክሲዮኖችዎን ሊሸጥ ይችላል።

አሁን ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። 10,000 ዶላር ኖሮዎት ሌላ 10,000 ቢበደሩ የ20,000 ዶላር አክሲዮን ይኖርዎታል። ደላላው 30 በመቶ የሚጠይቅ ከሆነ ዕዳውን ለ0.70 ያካፍሉ፦ 14,286 ይመጣል፤ የአክሲዮኖቹ ዋጋ ከዚህ ሲወርድ ማርጂን ኮል ይመጣል። አክሲዮኖቹ 28.6 በመቶ ብቻ ቢወርዱ እዚያ ይደርሳሉ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 19 እስከ ማርች 23 ቀን 2020 ድረስ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ወደ 34 በመቶ ወርዷል፤ ይህን ያህል የተበደረ ሰው ገበያው ሲያገግም የሚይዘው ብዙ አክሲዮን አይኖረውም ነበር። በ10,000 ላይ 5,000 ብቻ ቢበደሩ ግን ያው ስሌት 7,143 ያሳያል፤ ማርጂን ኮል የሚመጣው ከ52 በመቶ ውድቀት በኋላ ነው። በእኔ ግምት ከዚህ በላይ መበደር አይገባም፤ ለጀማሪ 3,000 ይበቃል።

ብድሩ ዓመቱን ሙሉ መቆየት የለበትም። በየወሩ መጨረሻ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ካለፉት 200 የገበያ ቀናት አማካይ በላይ መሆኑን ይመልከቱ፤ ከበታቹ ከሆነ ጥቂት አክሲዮኖችን ሸጠው ዕዳውን በሙሉ ይክፈሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ፌብሩዋሪ ሲያልቅ ይህ ምልክት ታይቶ ነበር። መለኪያው አንዳንዴ ያሳስታል፣ ሸጠው በውድ መልሰው የሚገዙበት ጊዜም ይኖራል፤ ይህን እንደ ዋስትና ክፍያ ይቁጠሩት።

ከአማካዩ በላይ ባለ ጊዜም ልኩን በየወሩ ያስተካክሉ። 15,000 የነበረው አክሲዮን 20 በመቶ ወርዶ 12,000 ቢሆን፣ ከ5,000 ዕዳ በኋላ የሚቀርዎት 7,000 ነው፤ የእርስዎ ኪሳራ 30 በመቶ ሆነ፣ አክሲዮኑም ከራስዎ ገንዘብ 1.7 እጥፍ ደረሰ። ወደ 1.5 እጥፍ ለመመለስ የ1,500 ዶላር አክሲዮን ሸጠው ዕዳ ይክፈሉ። ሲሸጡም በዝርዝሩ ከደከሙት ይጀምሩ።

ወለዱንም አይርሱ፤ ደላላው 8 በመቶ ቢያስከፍል 5,000 ዶላር በዓመት 400 ዶላር ይፈጃል፤ ይህም ከራስዎ 10,000 ላይ 4 በመቶ ነው።

አንዳንዶች የማርጂን ሒሳቡን የወደቁ አክሲዮኖችን ተውሶ ለመሸጥም ይጠቀሙበታል፤ ዋጋቸው ይበልጥ ሲወርድ በርካሽ ገዝተው ለመመለስ ያስባሉ። ይህን ይተዉት። እ.ኤ.አ. ከማርች እስከ ሜይ 2009 ገበያው ሲያንሰራራ፣ በአሜሪካ እጅግ ወድቀው የነበሩት አክሲዮኖች 163 በመቶ ሲጨምሩ ቀድሞ አሸናፊ የነበሩት የጨመሩት 8 በመቶ ብቻ ነበር፤ አሸናፊዎቹን ብቻ የያዘ ሰው ጥቂት አተረፈ፣ የወደቁትን ተውሶ የሸጠው ግን ካስያዘው ገንዘብ በላይ ዕዳ ሊገባ ይችል ነበር።