«ሁለት ዓመት አልሞላንም» የሚያሰኝ ሙግት፦ በአውስትራሊያ የዲፋክቶ ክርክር ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች (ሕጉ «ዲፋክቶ» የሚላቸው) ሲለያዩ ሙግቱ ብዙ ጊዜ ከቤቱና ከመኪናው በፊት በቀን ይጀምራል። ከመቼ እስከ መቼ? በአውስትራሊያ ፍርድ ቤት ንብረት ለማካፈል በጥቅሉ የሁለት ዓመት ግንኙነት ይጠይቃል። የጋራ ልጅ ካለ ወይም ግንኙነቱ ከተመዘገበ ግን ሁለት ዓመቱ ግድ አይደለም። (ምዕራብ አውስትራሊያ የራሷ ሕግ አላት።) ስለዚህ አንዱ ያስረዝማል፣ ሌላው ያሳጥራል።

ከኪራይ ውሉ ቀን መቁጠር። ውሉ አንድ ማስረጃ ነው፣ በቃ። ዳኛው ገንዘባችሁን እንዴት እንደያዛችሁ፣ ልጅ ማን እንዳሳደገ፣ ዘመድና ጓደኛ ምን ብሎ እንደሚያውቃችሁ ሁሉ አንድ ላይ ያያል።

ለየቢሮው የተለያየ ታሪክ መናገር። ብዙዎችን ጉድ የሚያደርገው ይሄ ነው። ለሴንተርሊንክ (አበል ለሚከፍለው የመንግሥት ቢሮ) «ብቻዬን ነኝ» ብላ ፈርማ አበል ስትቀበል የኖረች ሴት ፍርድ ቤት ቀርባ «አምስት ዓመት እንደ ባልና ሚስት ኖረናል» ትላለች። የእሱ ጠበቃ ፎርሙን ያወጣል። ፎርሙ ብቻውን ክርክሩን አይቆርጠውም፤ የእሷን ቃል ግን ያሳሳዋል፣ የአበል ዕዳም ሊያስከትልባት ይችላል። እሱም ቢሆን አይስቅ። ለትዳር አጋር ቪዛ ሲያመለክት «ከዚህ ቀን ጀምሮ አብረን ነን» ብሎ ከጻፈ፣ አሁን ቀኑን ወዲህ ቢጎትተው ማን ያምነዋል?

ቤት መልቀቅን መለያየት ማድረግ። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ መለያየት ይቻላል፤ ተራርቀው እየኖሩም አለመለያየት ይቻላል። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ባየው የፌርበርን እና ራዴኪ ጉዳይ ሴትዮዋ የመርሳት በሽታ ይዟቸው ወደ መጦሪያ ገብተዋል። ፍርድ ቤቱ ግንኙነቱ ፈርሷል ያለው ግን በዚህ ብቻ አይደለም። ሰውየው የእሳቸውን ጥቅም ትቶ በገንዘባቸው ጉዳይ ለራሱ እንደሚመች መሄዱን አይቶ ነው።

«ተኳርፈን ስለነበር ከዜሮ ይቆጠራል» ማለት። አይደለም። ተለያይተው የታረቁ ሰዎች አብረው የቆዩባቸው ጊዜያት ሊደመሩ ይችላሉ።

ዝም ብሎ መቆየት። ለንብረት ክስ ያለው ጊዜ ግንኙነቱ ከፈረሰ በኋላ ሁለት ዓመት ነው። ካለፈ ፈቃድ መለመን ይመጣል፣ ለዚያውም ችግር እንደሚደርስ ማሳየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ነገሩ ያበቃለት ዕለት «ከዛሬ ጀምሮ ተለያይተናል» የሚል አጭር መልእክት ይላኩ። የድሮዎቹንም አያጥፉ፣ የሚያሳፍሩትንም ጭምር።