ለዳገት ማርሽ ስትመርጡ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ፤ ስድቡም አንዱ ነው

የመጀመሪያው ስህተት ሳይክሉ ገና ሳይገዛ ይሠራል። አንዱ ከፊት ትንሽ ጥርስ ያለው ልግዛ ሲል ጓደኛው "እሱማ የሴት ማርሽ ነው" ይለዋል። ሌላው ዳገት ላይ ማርሽ ሲያቀል "ሽባ ሆንክ እንዴ?" ይባላል። ለጨዋታ ነው ትሉ ይሆናል። ግን ይህን የሰማው ልጅ እንዳይሳቅበት ብሎ ከአቅሙ በላይ የሆነ ማርሽ ይገፋል፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ከዚያ ሳይክሉን ግድግዳ አስደግፎ ይተወዋል። አብራችሁ ልትነዳ የመጣችው ልጅ ደግሞ ሴት መሆኗ የድክመት ስም ሲሆን ሰምታ ሁለተኛ አትመጣም። በእግሩ መራመድ የማይችል ሰው አጠገባችሁ ቢኖር ያን ቃል ትሉት ነበር? "አቅልለው" ማለት በቂ ነው። እባካችሁ ይህን ወሬ አቁሙ።

ንቀቱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ፈረንሳይ ውስጥ 240 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የተራራ መንገድ ውድድር ተካሄደ። ማርት ሄስ የምትባል ሴት ባለ ሦስት ማርሽ ሳይክል ይዛ ቀረበች፤ ኤዱዋር ፊሸር የተባለው ታዋቂ ነጂ ደግሞ ማርሽ የማይቀይር ሳይክል ይዞ። እሷ በለጠችው። በሚቀጥለው ዓመት ቱር ደ ፍራንስን የጀመረው አንሪ ዴግራንዥ ግን ማርሽ መቀያየር ዕድሜያቸው ከ45 በላይ ለሆኑ ሰዎች ነው ብሎ አጣጣለው። ለዋናዎቹ የቱር ተወዳዳሪዎች ማርሽ መቀየሪያ የተፈቀደው በ1937 ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ስንቱ ጉልበት በከንቱ አለቀ!

ሁለተኛው ስህተት "ስንት ማርሽ አለው?" ብሎ መግዛት ነው። 21 ተባለ 27፣ ቁጥሩ ስለ ዳገት ምንም አይነግራችሁም። የምትጠይቁት ከፊት ያለው ትንሹ ማርሽ ስንት ጥርስ አለው፣ ከኋላ ያለው ትልቁስ ስንት አለው ብላችሁ ነው። የፊቱን ለኋላው አካፍሉት። 39 ለ25 ሲካፈል 1.56 ይመጣል። ይህ ማለት ፔዳሉን አንዴ ስታዞሩ በተለመደው የኮርስ ሳይክል ጎማ 3.3 ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ። በደቂቃ 60 ጊዜ ካዞራችሁ በሰዓት ወደ 12 ኪሎ ሜትር ነው። ሜዳ ላይ ይህ ቀላል ነው፤ 10 በመቶ ዳገት ላይ (በ100 ሜትር 10 ሜትር ከፍ በሚል) ግን ከነሳይክሉ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ250 ዋት በላይ ማውጣት አለበት፣ ይህን ደግሞ አብዛኛው ሰው ብዙ ደቂቃ ሊቆይበት አይችልም። 34 ለ34 ሲሆን ግን በዚያው አዟዟር በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ፣ የሚፈለገውም 180 ዋት ገደማ ነው። እግራችሁ ሳይቆም ትወጣላችሁ።

ባህር ዳር ላይ እንደ ልብ የሚነዳ ሳይክል ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ የሚያስለቅሰውም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሒሳቡ ካመጣላችሁ አንድ ደረጃ ቀለል ያለውን ምረጡ።

ሦስተኛ፣ የባለሙያ ሳይክል አይታችሁ አትገልብጡ። የእነሱ እግር ሌላ ነው። ደግሞም እንደ ጣልያኑ ዞንኮላን ያለ ከ20 በመቶ በላይ የሚቆም ዳገት ሲገጥማቸው እነሱም ከፊት 34፣ ከኋላ 32 አስገጥመው ይወጣሉ፤ የሚያፍር የለም።

አራተኛው ገንዘብ ያስወጣል። ከኋላ ትልቅ ጥርስ ብቻ ገዝቶ ማስገጠም። የኋላው ማርሽ ቀያሪ የሚችለው የጥርስ ልክ አለው፤ 28 ድረስ ብቻ የሚሠራ ላይ 34 ብትጭኑበት ይፋተጋል። ካቴናውም ካጠረ፣ ከፊት ትልቁን ከኋላም ትልቁን ስትይዙ ተወጥሮ ቀያሪውን ሊሰብረው ይችላል። መካኒኩን ጥርሱን፣ ቀያሪውንና ካቴናውን አንድ ላይ እንዲያይላችሁ ጠይቁት፤ ካልሆነ ዕቃውን አትግዙ።

የመጨረሻው ማርሽ አርፍዶ መቀየር ነው። ብዙ ሰው የሚያረፍደው አብሮት የሚነዳው ምን ይለኛል ብሎ ነው። ሙሉ ኃይላችሁን ፔዳሉ ላይ ጭናችሁ ስትቀይሩ ካቴናው ይንገጫገጫል፣ አንዳንዴም ይወልቃል። ዳገቱ ሳይጀምር ቀይሩ። ካረፈደባችሁም ለአንድ ዙር ፔዳሉን ለስለስ አድርጋችሁ እያዞራችሁ፣ አንድ በአንድ አውርዱት።